ማዳም ሳይነቁ መዝለል

ስርጉት ቁመቷ አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት ነው። የለካት ጋሽ ልደቱ ነው፤ ከቅርጫት ኳሱ ምሰሶ ጋር አስደግፎ፣ የጭነት ሰነድ የሚጽፍበትን ሰሌዳ አናቷ ላይ አጋድሞ። ለክቶ ሲጨርስ ቁጥሩን ደጋግሞ አየው፤ እሷንም ደጋግሞ አያት።

"ይኼ ከነሹሩባሽ ነው?" አላት።

"ከነሹሩባዬ።"

"እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል" አለና ወደሚቀጥለዋ ዞረ።

የአርብ ቡድን የገባችው እንዲህ ነው። ቡድኑ ይህ ስም የወጣለት ሌላ ምሥጢር ኖሮት አይደለም። አሥራ አንዱም ተጫዋቾች በሰው ቤት እያደሩ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት ናቸው፤ ከአርብ ከሰዓት በቀር የራሴ የሚሉት ቀን የላቸውም። ሜዳቸው ጅቡቲ ከተማ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለ ሲሚንቶ ነው። ሁለት ቀለበት አለው፤ አንዱ ወደ ባሕሩ አዘንብሏል። መረቡ ከዓሣ አጥማጆች የተገኘ ቁራጭ ስለሆነ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሜዳው ዓሣ ዓሣ ይሸታል። አርብ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሜዳው የእነሱ ነው፤ ማንም ግን ፈቅዶላቸው አይደለም። በዚያ ሰዓት ከተማው ውስጥ ጫት ይገባል። ጫት ሲገባ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሜዳውን ይዘው ሴት አናስጠጋም ሲሉ የዋሉት ጎበዞች ሁሉ፣ ቤታቸው እሳት የተነሣ ይመስል ኳሱን ጥለው ይሮጣሉ። የምትቀረው ፀሐይ ብቻ ናት። እሷም ብትችል አብራቸው የምትሄድ ትመስላለች።

ልደቱ አሠልጣኝ ነኝ ብሎ አያውቅም፤ ያሉት እነሱ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ተሳቢ ነድቷል፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ። አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የከባድ መኪኖች ማቆሚያ ስምሪት ላይ ይሠራል፤ ሥራው ሌሎች ሹፌሮች ላይ መጮኽ ነው። መንዳቱን ያስተወው አደጋ አይደለም፣ ጉልበቱ ነው። በጋቢናው ደረጃ ተራ በተራ እየረገጡ መውረድ የአሮጊት ሥራ ነው ብሎ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዘሎ ወረደ። በቀን ስምንት ጊዜ፣ አስፋልት ላይ፣ በተረከዙ። አሁን ከተቀመጠበት አሮጌ ጎማ ለመነሣት አንድ ሰው ከፊት ይስበዋል፣ አንድ ሰው ከኋላ ይገፋዋል፣ እሱ መሐል ሆኖ ይራገማል።

ዝላይ የሚያስተምረው እንግዲህ ይህ ሰው ነው።

"ፕላዮሜትሪክ ይባላል" አለ አንድ አርብ፣ ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ። ስልኩ ላይ ረጃጅም ልጆች ከሣጥን ላይ ይወርዱና መሬት ነክተው ሳይውሉ ሳያድሩ እንደ ኳስ ይነጥራሉ። "ጡንቻ ማለት እንደ መኪና ባሌስትራ ነው። ሲጫነው ይለጠጣል፤ ወዲያው ስትለቂው ያስፈነጥርሻል። መሬት ላይ ከቆየሽ ግን ጉልበቱ እዚያው ይቀራል። ነካ፣ ፈንጠር! ነካ፣ ፈንጠር!"

"እስቲ አሳየን፣ ጋሽ ልደቱ" አለች ጽጌሬዳ። ጽጌሬዳ የቡድኑ ረጅሟ ናት፤ ምላሷም ቁመቷን ያህላል።

"እኔ? የእኔ ማሳያ ይኼው ነው!" ብሎ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። ጉልበቶቹ ሎሚ የታጨቀባቸው ከረጢቶች ይመስላሉ። "ይኼ አወራረድ ያላወቀ ሰው ጉልበት ነው። መዝለልማ ፍየልም ይዘላል። እኔ የማስተምራችሁ መውረድ ነው።"

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ተደራርበው የተጋደሙ ሁለት ጎማዎች ላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ መሬት እንደነኩ ወደ ላይ ይነጥራሉ። ሲወርዱ በፊተኛው እግር እንጂ በተረከዝ አይደለም፤ ጉልበት መታጠፍ አለበት፣ ወደ ውስጥም መግባት የለበትም። ስምንት ጊዜ ይዘሉና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ይቀመጣሉ። ልደቱ ዓይኑን ጨፍኖ በጆሮው ይፈርዳል፤ "ዷ!" ያደረገች ትደግማለች።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ጨፍኖ ተቀመጠ። አንዷ ወረደች፤ ዝም። ሁለተኛዋ ወረደች፤ ዝም። ሦስተኛዋም እንዲሁ።

"ዝለሉ እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ?" ብሎ ጮኸ።

"እየዘለልን እኮ ነው!"

ዓይኑን ገለጠ። እውነትም እየዘለሉ ነው። አሥራ አንዱም እንደ ድመት ነው የሚወርዱት። ልደቱ አፉን ይዞ ቀረ፤ ቪዲዮው ላይ ያሉት ልጆች እንኳ ይህን ለመልመድ ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል። የሚያስገርም ግን አልነበረም። ሰው ቤት ያደረች ሴት በመጀመሪያው ሳምንት የምትማረው አካሄድ ነው። ሕፃኑ ተኝቷል፣ ማዳም ራሳቸውን አሟቸዋል፣ የቤቱ ጌታ ሙሴው ስልክ ላይ ናቸው። ዓመት ሁለት ዓመት ሲያልፍ ተረከዝ እንደ ጆሮ ጉትቻ ለጌጥ ብቻ ይቀራል።

"ይኼን ማን አስተማራችሁ?"

"ማዳም!" አሉ በአንድ ድምፅ።

ከዚያ ወዲያ ልደቱ ቪዲዮውን ተወው። ትእዛዙም አንድ ብቻ ሆነ፦ "ማዳም ተኝተዋል! ዝለሉ!"

ስርጉት ከኮምቦልቻ ከመጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋ ሠላሳ ሦስት። ትምህርት ቤት ሳለች መረብ ኳስ ተጫውታለች፤ የተጫወተችው ግን ከሜዳ የወጣውን ኳስ እየሮጠች በማምጣት ነው። አሁን የምትሠራው ሄሮን በሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር፣ ማዳም ሩቅያ ቤት ነው። ማዳም ሩቅያ ደግ ሴት ናቸው፤ ሥጋ ሲበላ ሥጋ ይሰጧታል፣ ሲታመሙ ያነቋታል፣ ሲድኑም ያመሰግኗታል። በስሟ ግን ጠርተዋት አያውቁም። ለእሳቸው "ቦየስ" ናት፤ እዚህ አገር የቤት ሠራተኛ ሁሉ ቦየስ ነው። ከእሷ በፊት የነበረችውም ቦየስ፣ ከእሷ በኋላ የምትመጣውም ቦየስ። ዕቃ ቢሰበር "ቦየስ ሰበረችው" ይባላል፤ የትኛዋ እንደሆነች የሚጠይቅ የለም።

አርብ ሰባት ሰዓት ላይ ግን ልደቱ ከኪሱ ዝርዝር ያወጣል። "ስርጉት!" ይላል። "አለሁ!" ትላለች። ያን ፀሐይ የምትችለው ለዚህች "አለሁ" ነው። ኳሱማ ሰበብ ነው።

ታዲያ ከፋጤ ቡድን ጋር ግጥሚያ ተያዘ። ፋጤ ሜኔሊክ አደባባይ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ ጫት የምትሸጥ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ወንዱን ሁሉ በስሙና በነውሩ የምታውቅ ሴት ናት። ቡድኗም የጫት ሻጮች ቡድን ነው። ግጥሚያው መያዙ ስርጉትን አላስጨነቃትም፤ ያስጨነቃት ማሊያው ነው። የአርብ ቡድን ያለው ስምንት ማሊያ ነው። አሥራ አንድ ሴት፣ ስምንት ማሊያ። ልደቱም መስፈርቱን አልደበቀም፤ እያንዳንዷ ዘላ የነካችበትን ቦታ ምሰሶው ላይ በጽጌሬዳ ቀይ የጥፍር ቀለም ያሰምራል፣ ከላይ ወደ ታች ስምንት ይቆጥራል። የስርጉት መስመር አሥራ አንደኛው ነበር። ከእሱ በታች የነበረው አንድ ውሻ ያደረገው ምልክት ብቻ ነው።

ስለዚህ ስርጉት ጣሪያ ወጣች።

የማዳም ሩቅያ ቤት ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው፤ ልብስ ይሰጣበታል፣ የውሃ ታንከርም ተቀምጦበታል። ታንከሩ የቆመበት የሲሚንቶ መደብ ጉልበቷ ድረስ ይመጣል። ልብስ ላሰጣ ብላ ትወጣለች፤ ከአንሶላና ከአንሶላ መሐል ገብታ ትዘላለች። ልደቱ በሳምንት ሁለቴ ብቻ፣ በመሐሉም ቢያንስ ሁለት ቀን ክፍተት ይኑር ብሎ ነበር። ስርጉት በየቀኑ አደረገችው። በሳምንት ሁለት ቀን ሠርቶ ያለፈለት ሰው አይታ አታውቅም።

ከጣሪያው ሥር ደግሞ የማዳም ባል ከጓደኞቻቸው ጋር ተደግፈው ጫት የሚቅሙበት፣ መብረዝ የሚባለው ክፍል ነው። መደቡ ከጎማዎቹ ከፍ ስለሚል መጀመሪያ ሰሞን አወራረዷ ይከብድ ነበር። ዱብ ባለች ቁጥር በመስኮቱ በኩል ወሬው ይሰማታል።

"የፈረንሳዮቹ አውሮፕላን ነው" ይላል አንዱ።

"የለም፣ የአሜሪካኖቹ ነው። የፈረንሳይ እንዲህ አይከብድም።"

ስርጉት አንሶላ መሐል ሆና ተናደደች፤ ሃምሳ ስድስት ኪሎ ናት። ጉልበቷን አጠፍ፣ እግሯን ላላ እያደረገች ለመደችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አውሮፕላኖቹ ጠፉ።

"ለቀው ሄዱ መሰለኝ" አለ አንዱ ከታች።

"የጦር ሰፈሩ ኪራይ ሳይወደድባቸው አይቀርም" አለ ሌላው፤ ምሽቱን ሙሉም በዚህ ጉዳይ ሲተነትኑ አመሹ።

ምሰሶው ላይ ያለው መስመሯ ከአሥራ አንደኛ ወደ ዘጠነኛ፣ ከዘጠነኛ ወደ ሰባተኛ ወጣ። አንድ አርብ ጣቷ የዓሣ መረቡን ጫፍ ነካ አድርጎ ተመለሰ። ሳምንቱን ሙሉ ያን ጣቷን ስታየው ከረመች። በአምስተኛው ሳምንት ግን ዘለለች፣ ዘለለች፣ መስመሯ አራት ጣት ወረደ። ግራ ጉልበቷ ካሰረችበት ሻሽ ሥር ለቡሄ የተቦካ ሊጥ መስሎ ተነፍቷል።

"በሳምንት ስንቴ ነው የምትዘይው?" አላት ልደቱ።

"ሁለቴ።"

"ሁለቴ" አለና ጉልበቷን አየ፤ የራሱንም አየ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ስልኳ ላይ የድምፅ መልእክት ላከ። ከኋላው የተሳቢ ሞተር ያጓራል። "ስርጉት፣ ይኼን ሳምንት እንዳትዘይ። ዕረፊ። በኋላ እደውልልሻለሁ። አንተ! ወደ ኋላ! ወደ ኋላ አላልኩህም!" ይልና ይቋረጣል።

ስርጉት ሰባት ጊዜ አዳመጠችው። በሰባተኛው ላይ "ወደ ኋላ" የተባለው ሹፌሩ ሳይሆን እሷ መሰለቻት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ስርጉት በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከሦስት ቤት ወጥታለች፤ ከአንዱም ግን ውጪ ተብላ አታውቅም። የመጀመሪያዋ ማዳም ክሌር የምትባል ፈረንሳዊት ነበረች። ትከሻዋን አሸት አሸት አድርጋ፣ ደክሞሻል፣ አንድ ሳምንት ዕረፊ፣ እደውልልሻለሁ ብላ አንድ ሣጥን ቸኮላት ሰጠቻት። ቸኮላቱ ከበሩ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ቀለጠ፤ ስልኩ ግን እስካሁን አልጮኸም። ሁለተኛው አንድ የየመን ነጋዴ ቤት ነው፤ ዕረፊ አሉ፣ እንደውላለን አሉ። ሦስተኛዎቹ የአገሯ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ በአማርኛ፣ "እህቴ" እያሉ፣ "ጥቂት ዕረፊ፣ ለጤናሽ ነው" ብለው ሸኟት። ይህን ቋንቋ በከተማው ያለች ቦየስ ሁሉ ታውቀዋለች። ዕረፊ የተባለች ሴት ሻንጣዋን ትሸክፋለች እንጂ አልጋ ላይ አትወጣም።

እሁድ ጠበቀች፣ አልደወለም። ሰኞ ጠበቀች። ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ እንደወትሮው የማዳምን ባል ጫት ልትገዛ ፋጤ ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

"ምን ሆነሻል? የትናንት ጫት መስለሻል" አለቻት ፋጤ። አማርኛዋን ከጫት መኪና ሹፌሮች የተማረችው ስለሆነ ግማሹ ስድብ ነው።

"ዕረፊ አሉኝ፣ ኤዶ ፋጤ።" ኤዶ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት ነው።

"ማን? ሩቅያ?"

"ልደቱ ነው። ከቡድኑ።"

ፋጤ እርጥቡን ጆንያ ገልጣ አንድ እስር መረጠች፤ አራገፈችና አቆመች። "ያ ጉልበተ ሰባራ? እደውላለሁ አለሽ?"

"አለኝ።"

"ደወለ?"

"አልደወለም።"

"ወላሂ አባሮሻል።" ጫቱን በፕላስቲክ ጠቅልላ ሰጠቻት። "እንግዲህ ለእኔ ትጫወቻለሽ። ግጥሚያው አርብ ነው፣ አሥር ሰዓት ተኩል፣ ጫቱ ተሸጦ ሲያልቅ። እስከዚያ ግን አንዲት እንዳትዘይ! ለዓረፋ የምትታረድ ፍየል አትሮጥም።"

ፋጤም ልደቱም ያሏት ያው አንድ ነገር መሆኑን ስርጉት ልብ አላለችም። ፋጤ ግን ቀን ቆርጣ ነገረቻት። ስርጉትም የታዘዘችውን አደረገች፤ ጣሪያ ስትወጣ ልብስ ብቻ አሰጣች። የጉልበቷ እብጠት ረቡዕ ጎደለ፣ ሐሙስ ጠፋ።

አርብ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳው ዙሪያ ሰው ሞልቷል፤ ቅመው የጨረሱት ጎበዞች ሁሉ ዓይናቸውን አፍጥጠው ለፍርድ ተቀምጠዋል። የፋጤ ሴቶች ቀኑን ተቀምጠው ስለሚውሉ ብዙ አይሮጡም፤ ከቆሙበት ግን የሚነቀንቃቸው የለም። ኳስ የሚያቀብሉት በሚሄድ መኪና መስኮት ጫት እንደሚያቀብሉት ነው፤ አይስቱም። ከመሐላቸው ስርጉት አረንጓዴ ማሊያ ለብሳ ብቅ አለች። ማሊያው ጉልበቷ ድረስ ይመጣል።

"ስርጉት!" አለ ልደቱ ከጎማው ላይ። "እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ልጫወት ነዋ።"

"በማን ማሊያ?"

"ማሊያ በሰጠኝ ሰው።"

ልደቱ ከብብቱ ሥር የታጠፈ ሰማያዊ ማሊያ አወጣ፤ ጀርባው ላይ ሰባት ቁጥር አለበት። "ይኼን ታዲያ ለማን ይዤ የተቀመጥኩ መሰለሽ? ለእናቴ?"

ስርጉት ማሊያውን አየችው። "ዕረፊ አላልከኝም?"

"አልኩሽ! ጉልበትሽ አብጦ ምን ልበልሽ? ጎማ ሲግል ምን ይደረጋል? መኪናው ይቆማል፣ ጎማው ይበርዳል፣ ከዚያ ይኬዳል። የቆመ መኪና ሁሉ ተሸጠ ማለት ነው?"

"እደውላለሁ አላልክም?"

ልደቱ ማሊያውን መልሶ ማጣጠፍ ጀመረ። "ጋላፊ ድንበር ላይ ስልሳ መኪና ቆሞብኝ..."

"ማዳም ክሌርም እደውላለሁ ብላ ነበር። ስምንት ዓመቷ።"

ጽጌሬዳ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች። ስርጉት ከዳተኛ ብላ የምትሰድባት መስሏት ወደ ኋላ ሸሸት አለች። ጽጌሬዳ ግን የዞረችው ወደ ልደቱ ነው።

"ጋሽ ልደቱ፣ አንተ ነህ ጥፋተኛው። ቦየስን ዕረፊ ይሏታል? እኔን ብትለኝ ይኼኔ ድሬዳዋ ደርሻለሁ።"

"እኔማ የሠራሁበትን ስጠኝ ብዬ አንቅህ ነበር" አለች ሌላዋ።

"ምን ልበል ታዲያ?" አለ ልደቱ፣ ግራ ገብቶት። "እንዳትዘይ ለማለት ምን ይባላል?"

"ጨረሳችሁ?" አለች ፋጤ። "ልጅቷ የእኔን ማሊያ ለብሳለች።"

"የእኔን ዝላይ ነው የለበሰችው!" አለ ልደቱ።

ጭቅጭቁ ሩብ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ፋጤ እንደ ገበያዋ ፈረደች፦ የጨዋታው እኩሌታ ለእሷ፣ እኩሌታው ለልደቱ። ዳኛው ከይረዲን የሚባል የወደብ ሠራተኛ ነው። እንዲህ የሚል ሕግ የለም ሊል ፊሽካውን ከአፉ አወጣ፤ ፋጤ ገላምጣ አየችው። የየዕለት ጫቱን የምትመርጥለት እሷ ናት። ፊሽካውን መልሶ ጎረሰ።

የመጀመሪያው አጋማሽ ለልደቱ ከጥርስ ሕመም የባሰ ነበር። ኳሱ ከቦርዱ በነጠረ ቁጥር ስርጉት መሬቱን ነካ አድርጋ ትፈናጠራለች። ጽጌሬዳ በእርጋታ እጇን ስትዘረጋ ኳሱ ከጣቷ በላይ ይወሰድባታል። ስትወርድም ድምፅ ስለሌላት ከኋላቸው መኖሯን የሚያውቁት ኳሱ ሲጠፋ ነው። የገዛ ጓደኞቿ ላይ ስድስት ነጥብ አገባች። ባገባች ቁጥር ልደቱ "ይኼ ነው! ነካ፣ ፈንጠር!" ብሎ ይጮኽና፣ ያገባችው በእሱ ላይ መሆኑ ትዝ ሲለው ጭንቅላቱን ይይዛል። አጋማሹ አሥራ አራት ለስምንት አለቀ።

ከዚያ ሰባት ቁጥርን ለበሰች፤ ልኳ ነበር። አሁን የራሷን ስድስት ነጥብ ራሷ ማስመለስ አለባት። አንድ በአንድ ቀነሰችው፤ አራት ቀረ፣ ሦስት ቀረ፣ አንድ ቀረ። ሃያ ሁለት ለሃያ አንድ ላይ ጽጌሬዳ የመጨረሻዋን ወረወረች። ኳሷ ያዘነበለውን ቀለበት ዞራ ወጣች። ስርጉት ዘለለች፤ እጇ እስከ አንጓዋ የዓሣ መረቡ ውስጥ ገባ፣ ኳሷን ገፋቻት፣ ፊሽካው ተነፋ፣ ኳሷም ወደ ባሕሩ በኩል ወደቀች።

በአንድ ነጥብ ተሸነፉ። ያሸነፈቻቸው ማን እንደሆነች ሒሳብ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም አላነሣውም። ፋጤ ብቻ አረንጓዴውን ማሊያ ከመሬት አንስታ እያራገፈች፣ "ሲያባርርሽ ታውቂኛለሽ" ብላት ሄደች።

ልደቱ ሁለት ሰው ስቦና ገፍቶ ካስነሣው በኋላ ምሰሶው ጋ ሄደ። ቀዩን የጥፍር ቀለም ከፍቶ፣ መረቡ ከደረሰበት ቁመት አንጋጦ ለክቶ፣ አዲስ መስመር አሰመረ። ከጽጌሬዳ መስመር በታች፣ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ነው። ከዚያ ሰበሰባቸው።

"እንግዲህ እግራችሁ ደክሟል። የሚቀጥለው አርብ..." አለና ቆመ። አሥራ አንድ ጥንድ ዓይን አፈጠጠበት። ሊላት የነበረችውን ቃል ዋጣት። "የሚቀጥለው አርብ ማንም አይዘልም። ግን ሁላችሁም ትመጣላችሁ። ስም እጠራለሁ። ከዚያ ትቀመጣላችሁ።"

"ሁለት ሰዓት ሙሉ?" አለች ጽጌሬዳ።

"ሁለት ሰዓት ሙሉ። የቀረች ማሊያ የላትም።"

በሚቀጥለው አርብ ሰባት ሰዓት ላይ ጎበዞቹ ኳሳቸውን ጥለው ወደ ጫቱ ሲሮጡ፣ አንዱ የጣቢያው ግንብ ጥላ ሥር ጎማ ደርድረው የሚጠብቁትን ሴቶች አይቶ ቆም አለ።

"ዛሬ ምን ልትሠሩ ነው?"

"ከባድ ልምምድ አለን" አለች ጽጌሬዳ። "ሂድ፣ ጫትህ ይጠወልጋል።"

ልደቱ ጉሮሮውን ጠራረገና ዝርዝሩን ከኪሱ አወጣ። በፊደል ተራ ቢሆን ስርጉት ከላይ አትመጣም ነበር፤ እሱ ግን አዲስ ዝርዝር ጽፏል።

"ስርጉት!"

"አለሁ!"

"ቁጭ በይ።"

ማዳም የተኙ ይመስል ድምፅ ሳታሰማ ተቀመጠች።